ታንኳ፣ ሞተር ጀልባ ወይስ ወለሉ የሚያሳይ ካያክ? ከጎንደር ተነስቶ ውሃ ላይ ለሚወጣ ሰው መምረጫ

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ልታገባ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከመስታወት የተሠራ በሚመስል ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ላይ ጋደም ብላለች። ከሥሯ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ጀልባው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጎርጎራ የለም?»

የለም። ቢመጣም ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲህ ስላት አኮረፈች። እጮኛዋ ደግሞ «ታዲያ ጣና ላይ ካልሆነ የት ነው የሚያዋጣው? መዋኘት የማይችል ሰውስ?» እያለ ጥያቄውን ደረደረው። እናቷ በበኩሏ ሞተር ጀልባ ተከራይተው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይዘው እንዲወጡ ትፈልጋለች። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ አምስት ዓይነት ጉዞ ተነሳ፤ ሁሉም እንደ አንድ ነገር ተደበላለቀ።

እኔ አስጎብኚ አይደለሁም። ጎርጎራ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመላለስበት ነው። ሞምባሳና ዛንዚባርም ለሥራ በሄድኩበት አጋጣሚ ውሃ ላይ ወጥቻለሁ። አንዱ ላይ ተደስቻለሁ፣ አንዱ ላይ ተሸውጃለሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ከጀልባው በፊት ውሃው

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከጀልባው ነው። እኔ ከውሃው ጀምሩ እላለሁ። ወለሉ የሚያሳይ ጀልባ መስኮት ማለት ነው። ደጁ ጭጋግ ከሆነ መስኮቱ ቢወለወል ምን ይጠቅማል?

የውሃን ጥራት የሚለኩ ባለሙያዎች ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አስረው ወደ ውሃው ይለቃሉ። ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዘግባሉ። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1865 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ካዋለው ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። እኔ ሴኪ ዲስክ ከየት አመጣለሁ? ነጭ የቡና ሲኒ ወሰድኩ። ሲኒ ጆሮ ስለሌለው በሽንኩርት መረብ ጠቀለልኩትና ሁለት ሜትር ሲባጎ አሰርኩበት።

ጥቅምት ላይ ጎርጎራ ሄጄ ሲኒውን ከሞተር ጀልባው ጎን ለቀቅኩት። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጠፋ። ጀልባ ነጂው አየት አደረገኝና «ወንድምዓለም፣ ለጉማሬዎቹ ቡና ልታፈላላቸው ነው?» አለኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሳ የሥሩ ደለል ይታመሳል። በዚያ ላይ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ በየክረምቱ አፈር ይግዙበታል። መገጭ ደግሞ የኛው ወንዝ ነው፤ በአዘዞ በኩል ወርዶ፣ ደምቢያን አቋርጦ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጣና ደፈረሰ ብለን አናማው። አፈሩ ከኛ የሄደ ነው።

ያንኑ ሲኒ ዛንዚባር ላይ ሞከርኩት። ሲባጎው አለቀ። ሲኒው ግን እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሱ በታች ያለው የአሸዋ መስመርም ይታያል። እንዲያውም ውሃ ብርሃንን ስለሚያጥፍ ነገሩ ከእውነተኛ ጥልቀቱ ቀረብ ብሎ ነው የሚታየው፤ 2 ሜትር ጥልቀት 1 ሜትር ተኩል ይመስላል። ያ ቦታ ላጉን የሚሉት ነው። ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ከፊት ቆሞ የውቅያኖሱን ማዕበል ይሰብራል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውሃ ሞቅ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ረጋ ያለ ይሆናል። ወለሉ የሚያሳይ ካያክ የተፈለሰፈው ለእንዲህ ያለው ውሃ ነው።

ከውሃው ቀጥሎ የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? የሚቀዝፈው ማነው? ጉልበትና ወገብ ይችለዋል ወይ? በመጨረሻ፣ ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ ድረስ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የጀልባው ኪራይ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

የደንገል ታንኳ

ከሁሉም የሚጣፍጠው ይሄ ነው። አዳልቼ ሊሆን ይችላል።

ታንኳ ከደንገል እስር የሚሠራ ነው። ነገደ ወይጦዎች በእጃቸው ሲያስሩት አይቼ አልጠግብም። ገና የተሠራው ቀለል ብሎ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያስመቱታል። እናንተ የምትቀመጡት ከሥር በተደራረበ ደንገል ላይ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መቀመጫችሁ ይርሳል። ይህን ቀድማችሁ እወቁት። ነጭ ሱሪ አይለበስም።

ሞተር የለም። የምትሰሙት የመቅዘፊያውን ጠብታና የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። የወፎቹን ነገር ለማየት ከታንኳ የሚሻል የለም፤ ትጠጓቸዋላችሁ፣ አይበሩም። ከውሃው በታች ግን ምንም አታዩም።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ ላይፍ ጃኬት የለም። ከሞተር ጀልባዎቹ ተውሳችሁ ልበሱ፤ አሳፋሪ ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ ጉማሬ። ቀዛፊው «በዚህ አንሄድም» ካለ አትከራከሩት። ሦስተኛ፣ ቢልሃርዚያ። በሣር በተሸፈነው ዳርቻ ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስላሉ በባዶ እግር እየተንቦጫረቁ መጫወት ይቅር። ከነካችሁ ቶሎ በፎጣ አድርቁ። ከወራት በኋላ ሆድ ቁርጠትና ድካም ከመጣ ለሐኪሙ «ጣና ገብቼ ነበር» በሉት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለው።

ጉዞው አጭር ይሁን። ዳር ዳሩን፣ ግማሽ ሰዓት፣ በማለዳ።

ሞተር ጀልባ ከጎርጎራ

የእህቴ ምርጫ ይሄ ነው። ለዘመድ አዝማድ ከሆነ ልክ ናት።

ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ጀልባው የሚከራየው በሙሉ ነው፤ ዋጋውም ለሁላችሁ ይካፈላል። አሥር ሰው ሲሆን ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰው ሲሆን ግን ያማል። ስትዋዋሉ «ነዳጁ ከነሱ ነው ወይስ ከኛ?» የሚለውን መጀመሪያ ጨርሱ። የሚያጣላው እሱ ነው።

ምን ይታያል? የደሴትና የዳርቻ ገዳማት። ማንዳባ መድኃኔዓለም ከጎርጎራ በጀልባ የሚደረስበት ነው። ነገር ግን ሴት አትገባም። ለሙሽሮች ይህን ማንም አይነግራቸውም። ሙሽራው ገብቶ ሲሳለም ሙሽራዋ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ስትሞቅ አይቻለሁ፤ የሚያስቅ ፊት አልነበራትም። ደብረ ሲና ማርያም እዚያው ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ነች። ጥንታዊ ሥዕሎቿን ሁሉም ገብቶ ማየት ይችላል። ሴቶች ካላችሁ በሷ ጀምሩ።

በማለዳ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ያነሳል፤ ጀልባው መንገጫገጭ ሲጀምር ሴት አያቶች ጸሎት ይጀምራሉ። እምቦጭም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀ ወዲህ በኛ በኩል ያለውን ዳርቻ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ነፋስ ወዳሻው ስለሚነዳው ትናንት ባዶ የነበረ ቦታ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል። የሞተሩ ክንፍ ላይ ከተጠመጠመ ቆሞ መፍታት ነው። ነጂው መቅዘፊያ መያዙን እዩ።

ተራ ካያክ

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ያሉ ሪዞርቶች ፕላስቲክ ካያክ አላቸው። የሚሰጣችሁ እንቅስቃሴና ፎቶ ነው። እኔ አንድ ጥቅም አይቼበታለሁ፤ ለልምምድ ይሆናል። ውጭ አገር ሄዶ ዶላር ከፍሎ «እኔ እኮ ይሄን ነገር እፈራዋለሁ» ከማለት እዚህ በብር መፍራት ይሻላል።

ወለሉ መስታወት የሆነ ሞተር ጀልባ

ይህ ከካያኩ ጋር የሚምታታው ነው። ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ወለሉ መካከል ላይ ወፍራም መስታወት ተገጥሞለታል። ተሳፋሪው ዙሪያውን ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ያያል። ኬንያ የባሕር ዳርቻ ላይ የተለመደ ነው። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የዋታሙ የባሕር ፓርክ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከለለ ነው። እዚያም ሞምባሳ ላይም እነዚህ ጀልባዎች አሉ።

እኔ የወጣሁት ሞምባሳ ላይ ነው። ጣሪያ አለው፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ባለ ብጫ መስመር ዓሣ ሲያልፍ አዩና እንደ ልጅ ጮኹ። ማንም አልቀዘፈም፣ ማንም አልረጠበም። ጉዳቱ ሞተሩ ነው። ይጮኻል፣ የነዳጅ ሽታ አለ፣ ለራሳችሁ ቆም ብላችሁ ማየት አትችሉም። መስታወቱም አንድ ነው፤ ሃያ ራስ ይደፋበታል። ሆድ የሚገላበጥበት ሰው ደግሞ እየተንገጫገጨ ወደ ታች ማየት አይችልም።

ሳትቀጥሩ በፊት ጀልባውን በዓይናችሁ እዩት። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ከተጋገረበት ሌላ ፈልጉ።

ወለሉ የሚያሳይ ካያክ ከአስጎብኚ ጋር

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ።

መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። አብዛኛው የሁለት ሰው ነው። ርዝመቱ ከ3 ሜትር ትንሽ ያልፋል። የሁለቱ ተሳፋሪዎች ክብደት ተደምሮ ገደብ አለው፤ ብዙ ሞዴሎች ላይ ከ180 እስከ 200 ኪሎ ውስጥ ነው። ክብደታችሁን ሲጠይቋችሁ አትዋሹ። ከባዱ ሰው ከኋላ ይቀመጣል። አቅጣጫ የሚያሲዘውም ከኋላ ያለው ነው፤ ከፊት ያለው ምት ይሰጣል። የጫጉላ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚጣሉት። ሁለቱም ልምራ ካሉ ካያኩ ባለበት ይዞራል።

ቪዲዮው ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። ያ «አየር ላይ የተንጠለጠለ» የሚመስለው ምስል ካሜራ ባለው በራሪ መሣሪያ፣ በድሮን፣ ከላይ የተነሳ ነው። ውስጡ የተቀመጠ ሰው የሚያየው በጉልበቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። እሱም ቆንጆ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። ነጭ ልብስ ከለበሳችሁ ደግሞ ወለሉ ላይ የሚታየው የራሳችሁ ቀሚስ ነጸብራቅ ነው። ለፎቶ ነጭ፣ ለማየት ጥቁር። ምርጫው የእናንተ ነው።

መቅዘፊያው ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ውሃ ያንጠባጥባል። ወለሉ በጠብታ ይሸፈናል። ትንሽ ፎጣ ያዙ፤ እኔ ያልያዝኩት እሱን ነው፣ በካልሲዬ ስወለውል ነበር። አሮጌ ካያክ ደግሞ አሸዋ ሲፍቀው ኖሮ እንደ ቆየ የፋኖስ ብርጭቆ ይደበዝዛል። ስትመርጡ ጣታችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ ከላይ እዩ። ጥፍራችሁ ካልታየ ዓሣውም አይታይም።

ሽወዳው እንዲህ ነበር። ዛንዚባር ላይ ከአንድ የባሕር ዳር አከራይ ጋር «ካያክ ጉብኝት» ተብዬ ተስማማሁ። ገንዘቡን ሰጠሁ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ አስቀመጡኝ፤ አንድ ልጅ ካያኩን ከኋላ ያዘ፣ ሌላው ድሮን አስነሳ። «ተኛ፣ ፈገግ በል፣ እጅህን ዘርጋ» ተባልኩ። ሃያ ደቂቃ። አለቀ። ያየሁት አሸዋ ነው። ሰዎቹ ሌባ አይደሉም፤ እነሱ የሚሸጡት ፎቶ ነበር፣ እኔ የገዛሁ የመሰለኝ ጉዞ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ፎቶ ነው ወይስ ጉብኝት? ጉብኝት ከሆነ ከየት እስከ የት?»

በማግስቱ ሌላ ሰው አገኘሁ። አስጎብኚው በራሱ ካያክ ከፊት ይቀዝፋል። ከመነሳታችን በፊት ዳር ላይ አሥር ደቂቃ አሰለጠነን፤ እንዴት እንደሚገባ፣ ብንገለበጥ እንዴት ካያኩን ይዘን እንደምንቆይ። ፉጨት ላይፍ ጃኬቱ ላይ ታስሯል። የመጎተቻ ገመድ አለው። ኮራሉ ጋ ስንደርስ መቅዘፊያችንን አስነሳን፤ የተነካ ኮራል እንደሚጎዳና ተመልሶ ለማደግ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገረን። ኮከብ ዓሣ ላንሳ ያለውን ልጅ በትሕትና ከለከለው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዋጋው ለፕላስቲኩ አይደለም፣ ለሰውየው ነው።

ለኛ አገር ሰው አዲስ የሚሆነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ጣና ከወር ወር እንጂ ከሰዓት ሰዓት ሲለዋወጥ አታዩትም። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ገደማ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ሲጎድል ውሃው ከዓይን ርቆ ይሄዳል፤ ካያካችሁ አሸዋ ላይ ይቀራል። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ችግሩ ያን ያህል አይደለም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል። አስጎብኚው የሙላቱን ሰዓት ሳያይ «በፈለጋችሁት ሰዓት እንወጣለን» ካላችሁ ተዉት።

ሙላቱ ከፈቀደ ረፋድ 4 ሰዓት ግሩም ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ ወደ ሥር ይገባል፤ ነፋሱ ደግሞ ገና አልበረታም። ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ስዋሂሊዎችም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። «ሳ ኔ» ማለት የኛው 4 ሰዓት ነው። ግን ለቱሪስት ሲጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ስድስት ሰዓት የሚያህል ስህተት ነው።

ጥላ የለም። ፀሐይዋ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከነጩ አሸዋ ተመልሳ ከሥርም ትመታለች። እኔ የተቃጠልኩት ከጉልበቴ በታች፣ በጀርባ በኩል ነው። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ቅባት ከተቀባችሁ ኮራል የማይጎዳውን ምረጡ፤ አንዳንድ ቅባት ኮራልን ስለሚጎዳ የፓስፊክ ደሴቶቹ ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል። የትንኝ መከላከያ ቅባት ፕላስቲክ ስለሚበላ በቅባቱ እጅ ወለሉን አትንኩ።

ወጪው ላይ የሚደመሩትን አትርሱ። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዛንዚባር ወይም ሞምባሳ በረራ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ግዴታ ነው። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ታስከፍላለች። የካያኩ ዋጋ በሰው ነው ወይስ በካያክ? ድሮኑ ለብቻ ይከፈላል ወይ? ይህን ሁሉ ስትደምሩ ለካያኩ ብቻ ተብሎ የሚኬድ ጉዞ አይደለም። ለጫጉላ ወይም ለሌላ ጉዳይ የሄደ ሰው ግን አንድ ረፋድ ቢሰጠው አይቆጭም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከውሃ በታች የሚታይ | የሚቀዝፈው | የሚያስጠነቅቅ ነገር | ጠቅላላ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የደንገል ታንኳ፣ ጣና | ምንም | ባለታንኳው | መርጠብ፣ ጉማሬ፣ ቢልሃርዚያ | በጣም ዝቅተኛ |
| ሞተር ጀልባ፣ ጎርጎራ | ምንም | ሞተር | የከሰዓት ነፋስ፣ እምቦጭ፣ ነዳጅ | ለብዙ ሰው ዝቅተኛ፣ ለሁለት መካከለኛ |
| ተራ ካያክ፣ ቢሾፍቱ | ምንም | እናንተ | የክንድ ድካም | መካከለኛ |
| ወለለ መስታወት ጀልባ፣ ኬንያ | ኮራልና ዓሣ፣ በጋራ | ሞተር | ጫጫታ፣ ሆድ መገላበጥ | ከፍተኛ |
| ወለሉ የሚያሳይ ካያክ፣ ዛንዚባር | ኮራልና ዓሣ፣ ለብቻ | እናንተ | የባሕሩ ጉድለት፣ ፀሐይ፣ «ፎቶ ብቻ» | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

እናት አባት ይዞ ለሚወጣ፣ ጥያቄ የለውም፣ ሞተር ጀልባ። ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ወለለ መስታወቱ። ካያክ ውስጥ ለመግባት ጎንበስ ብሎ ዝቅ ማለት አለ፤ ለመውጣት ደግሞ ጉልበት ላይ መነሳት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲገባ ይስቃል፣ ሲወጣ ግን አይስቅም።

መዋኘት የማይችል ሰው ካያክ አይከለከልም። ብዙዎቻችን የዋኘነው ቀሃ ላይ ወይ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለን ነው፤ እሱ ዋና ነው ካላችሁ። ግን ሁኔታ አለው። ላይፍ ጃኬቱ በልኩ ይሁን፣ አስጎብኚው አብሮ ውሃ ላይ ይሁን፣ ውሃው ቆሞ የሚያስተነፍስ ጥልቀት ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዳር ላይ ሻይ ይጠጣ።

ብር ያጠረው ግን ባሕር ደርሶ ኮራሉን ማየት የፈለገ ሰው ካያኩን ትቶ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይከራይ። ከሁሉም አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ። እኔ ይህን ያወቅኩት ካያኩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ዝምታ የሚፈልግ ሰው ታንኳ ይውጣ። ፎቶ ብቻ የሚፈልግ የድሮኑን ሃያ ደቂቃ ይግዛ፤ አውቆ ከገዛው ጥሩ ዕቃ ነው።

የእህቴ ልጅ ነገር እንዲህ ሆነ። ከሠርጉ ማግስት ሚዜዎቹና ቤተሰቡ ጎርጎራ በሞተር ጀልባ ይወጣሉ፤ ደብረ ሲና ማርያም እንጂ ማንዳባ የለም። ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ዛንዚባር። ጥር መጨረሻ እዚያ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ይመቻቸዋል። ነጩን ቀሚስ ለፎቶ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለጉብኝት ይዛለች። ኑንግዊ ከሚገኝ አስጎብኚ ጋር ስትጻጻፍ መጀመሪያ የጠየቀችው የሙላቱን ሰዓት ነው። ሲኒውንም ከነሽንኩርት መረቡ ወስዳለች። አሮጌው ሲባጎ ስለማይበቃ አራት ሜትር አዲስ ቆረጥኩላት።